የማን ቻርጀር ለማን ስልክ? ከጁባ ገበያ የተነሣ ዳሰሳ

በጁባ ኮኞ ኮኞ ገበያ የስልክ ዕቃ በሚቸረቸርበት ጠረጴዛ ላይ 500 ሚሊአምፔር፣ 1 አምፔር፣ 2 አምፔር፣ 3.1 አምፔር የተጻፈባቸው ቻርጀሮች ተደባልቀው ይሸጣሉ። የዩኤስቢ ቀዳዳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛውም ገመድ የትኛውም ላይ ይሰካል። ሻጩ ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊ፣ ዩጋንዳዊ ወይም ሱዳናዊ ሊሆን ይችላል፤ የገዢው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ይህ ለእኔ ስልክ ይሆናል? አምፔሩ በዝቶ ባትሪዬን አያቃጥለውም?

ጥያቄው የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ዘንድ ቢቀርብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ቮልቱ እኩል ከሆነና የቻርጀሩ አምፔር ስልኩ ከሚፈልገው ካላነሰ ይለዋወጣሉ። ይህ ልክ ነው። ልክ የሚሆነው ግን በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈው እውነት፣ ገመዱ ደኅና፣ ስልኩም በወጉ የተሠራ ሲሆን ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ስናይ፣ ሰው አብዝቶ የሚፈራው የአምፔር ልዩነት ከሁሉ ቀላሉ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙም የማይጠየቀው የጽሑፉ ታማኝነት ደግሞ ከባዱ።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነት ከፈረሙ በኋላ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጁባ ውስጥ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ከሁለት አቅጣጫ ገባ። የሰሜኑ ኩባንያዎች በሱዳን ቁጥር ሲሠሩ ጀምቴል የተባለው ኩባንያ በዩጋንዳው 256 ይሠራ ነበር። ደቡብ ሱዳን 211 የሚለውን የራሷን ኮድ ያገኘችው ነፃነቷን ባወጀችበት በ2011 ነው። ቀፎውና ቻርጀሩም እንደዚሁ በየአቅጣጫው መጣ፤ ከካርቱም፣ ከካምፓላ፣ ከናይሮቢ፣ ከዱባይ።

በዚያ ዘመን ቻርጀር ማለት ክብ ፒን ማለት ነበር። ኖኪያ ብቻውን ወፍራምና ቀጭን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፒኖች ነበሩት፤ ሳምሰንግ፣ ሞቶሮላና ሶኒ ኤሪክሰንም የየራሳቸው። ክብ ፒን ክፉ ጠባይ አለው፦ ቅርጹ ስለ ቮልቱ ምንም አይናገርም። አንድ ዓይነት ፒን 5 ቮልትም፣ 9 ቮልትም፣ 12 ቮልትም ሊሰጥ ይችላል። የቤት ዋይፋይ ራውተር ቻርጀር በባትሪ መብራት ላይ ተሰክቶ መብራቱን በሴኮንዶች ውስጥ ቢያቃጥለው የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ «የገጠመ ሁሉ አይሰካም» የሚለው የጠጋኞች ምክር በዚያ ዘመን ፍጹም ትክክል ነበር፤ ለክብ ፒን ዛሬም ትክክል ነው። ወደ ዩኤስቢ ሲሻገር ግን የቮልት ፍርሃት የነበረው ሳይታወቅ የአምፔር ፍርሃት ሆነ። ገበያው ላይ ያለው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዩኤስቢ በ1996 ሲወጣ የኮምፒውተር መገናኛ እንጂ ቻርጀር አልነበረም። ቮልቱ 5 ሆኖ ተቆረጠ። የተሰካው ዕቃ መጀመሪያ 100 ሚሊአምፔር ብቻ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ ከፈቀደለት እስከ 500። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ጣሪያውን ወደ 900 ከፍ አደረገው። ዩኤስቢን የግድግዳ ቻርጀር ያደረገችው በዋናነት ቻይና ናት፤ በታኅሣሥ 2006 ያወጣችው ደንብ የቻርጀሩ ጫፍ የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዲሆን አዘዘ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት ስልክ አምራቾችን በማይክሮ ዩኤስቢ ላይ አስማማ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለማንኛውም ስልክ የሚሆን ቻርጀር ደረጃ አጸደቀ። መለዋወጥ እንግዲህ የገበያ ብልኀት ሆኖ አልመጣም፤ በደንብና በስምምነት የታሰበ ዓላማ ነበር።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው

በቻርጀሩ ላይ «5 ቮልት፣ 2 አምፔር» ሲል ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። ቮልቱ ቻርጀሩ የሚሰጠው ነው፤ ስልኩ ቢሰካም ባይሰካም እዚያው አለ። አምፔሩ ግን ቻርጀሩ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ወደ ስልኩ የሚገፋው አይደለም። ጁባ ውስጥ ውኃ በቦቴ ሲመጣ 10,000 ሊትር የያዘው ቦቴ ከ5,000ው ይልቅ ጄሪካኑን አያፈነዳም፤ የሚፈሰውን መጠን የሚወስነው ቧንቧውን የያዘው ሰው ነው። በስልክ ውስጥ ቧንቧውን የያዘው ቻርጂንግ አይሲ የሚባለው ክፍል ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ብዙ ይወስዳል፤ ወደ 4.2 ቮልት አካባቢ ሲጠጋ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ያቆማል። 500 ሚሊአምፔር የለመደች ትንሽ የቁልፍ ስልክ 3 አምፔር ቻርጀር ላይ ብትሰካ የምትወስደው ያንኑ 500 ነው።

የተገላቢጦሹ ያን ያህል ቀላል አይደለም። 2 አምፔር የሚፈልግ ስልክ 500 ሚሊአምፔር ቻርጀር ላይ ሲሰካ ከሦስት ነገር አንዱ ይሆናል። ስልኩ የቻርጀሩን አቅም አውቆ በዝግታ ይሞላል፤ ወይም ቻርጀሩ ሲከብደው ቮልቱ ይወርዳል፣ ስልኩም ያንን አይቶ ይቀንሳል፤ ወይም ደግሞ መከላከያ የሌለው ርካሽ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይግላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቁት። ሦስተኛው አደገኛ ነው። እዚህ ላይ አደጋው ያለው በትልቁ ሳይሆን በትንሹ ቻርጀር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ገበያው የሚፈራው ግን ትልቁን ነው።

ባለ ሁለት ቀዳዳ ቻርጀር ላይ የሚጻፈው 3.1 አምፔርም መብራራት አለበት። ብዙ ጊዜ የሁለቱ ቀዳዳዎች ድምር ነው፤ በአንዱ 2.1፣ በሌላው 1። ስልክ በክፍያ ቻርጅ በሚደረግባቸው ቤቶች ያሉት ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ማከፋፈያዎችም እንዲሁ ናቸው። 10 ቀዳዳና 10 አምፔር ካለው፣ ሁሉም ሲያዝ ለአንድ ስልክ በአማካይ የሚደርሰው 1 አምፔር ነው።

ወገኖቹና ማስረጃቸው

የመጀመሪያው አቋም «አብሮት ከመጣው ውጭ አትጠቀም» ይላል። አምራቾች ለረጅም ጊዜ ይህን ሲሉ ኖረዋል፤ ንግድም አለበት፣ እውነትም አለው። እውነቱ፣ አምራቹ አብረው የተፈተኑትን ብቻ ያውቃል። ድካሙ፣ ምክሩ ቻርጀሩ ለጠፋበት ወይም ለተቃጠለበት ሰው ምንም አይፈይድም፤ አሁን ደግሞ ብዙ ስልክ ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው።

ሁለተኛው የብዙ ጠጋኞች አቋም ነው፦ ትልቅ አምፔር ባትሪ ያሳብጣል። ማስረጃቸው ጠረጴዛቸው ላይ የሚደርሰው ያበጠ ባትሪ ነው። ያዩትን አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን ከቁጥሩ ጋር ማያያዝ ይከብዳል፤ ያንኑ ባትሪ የነካው የጄኔሬተር መብራት፣ የቀን ሙቀት፣ ኮፒ ቻርጀርና እርጅና ጭምር ነውና። አቋሙ የሚሠራባቸው ዕቃዎች ግን አሉ። አንዳንድ ርካሽ የባትሪ መብራቶችና ራዲዮኖች ምንም መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ለእነዚህ የቻርጀሩ አቅም በቀጥታ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ለስልክ የማይሠራው ሕግ ለባትሪ መብራት ይሠራል ማለት ነው።

ሦስተኛው «ከገጠመ ይሠራል» የሚለው ነው። ለዩኤስቢ ከሞላ ጎደል ልክ፣ ለክብ ፒን አጥፊ። አራተኛው መግቢያው ላይ ያየነው የኢንጂነሩ መልስ ነው። ከአራቱ በማስረጃ የሚጠናው እሱ ሲሆን፣ ተግባር ላይ ሲውል የሚገጥሙት እንቅፋቶች ናቸው የቀሩትን ክፍሎች የያዙት።

ቻርጀርና ስልክ የሚነጋገሩት

2 አምፔር የተጻፈበት ደኅና ቻርጀር አንዳንድ ስልክን በ500 ሚሊአምፔር ብቻ ሲሞላ ብዙ ሰው «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ላይሆን ይችላል። በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ካሉት አራት ሽቦዎች ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ፤ ስልኩ የቻርጀሩን ማንነት የሚለየው በመረጃ ሽቦዎቹ ነው። ከ2007 ጀምሮ የወጣው የባትሪ መሙያ ደንብ ሁለቱን የመረጃ ሽቦዎች በቻርጀሩ በኩል አገናኝቶ «እኔ ኮምፒውተር አይደለሁም፤ እስከ 1.5 አምፔር ውሰድ» ያሰኛቸዋል። አፕል ግን የራሱን ቋንቋ ፈጠረ፦ በአንዱ ሽቦ 2.0፣ በሌላው 2.7 ቮልት ካገኘ 1 አምፔር፤ ቦታ ሲለዋወጡ ወደ 2.1። ሳምሰንግም ለታብሌቶቹ ሌላ ምልክት ነበረው። ስለዚህ የአንዱ ቻርጀር ለሌላው ስልክ አቅሙን «መናገር» ሳይችል ይቀራል፤ ስልኩም ሲጠራጠር ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። የዚህ ዓይነቱ አለመግባባት ዋጋው ጊዜ ብቻ ነው።

ፈጣን ቻርጅ ሲመጣ ንግግሩ ቮልትንም ጨመረ። ኳልኮም በኩዊክ ቻርጅ ቮልቱን ወደ 9 እና 12 አሳደገ፤ ኦፖ በ2014 ባወጣው ቩክ ቮልቱን 5 ላይ ትቶ አምፔሩን ወደ 4 ወሰደው፣ ለዚህም የራሱን ገመድ ይፈልጋል። በ2012 የተጀመረው የዩኤስቢ የኃይል ስምምነት ደግሞ 5፣ 9፣ 15፣ 20 ቮልት እያለ በ2021 እስከ 240 ዋት ደረሰ። «5 ቮልት ነው» የሚለው የድሮ ዋስትና በዚህ ፈረሰ? በወጉ ለተሠራ ዕቃ አልፈረሰም፤ ሁሉም ከ5 ቮልት ይጀምራሉ፣ የሚጨምሩትም ስልኩ ሲጠይቅ ብቻ ነው። የ65 ዋት ላፕቶፕ ቻርጀር ትንሽ ስልክ ላይ ቢሰካ የሚሰጠው ስልኩ የጠየቀውን ያህል ነው።

ታይፕ ሲ አንድ አስቂኝ ችግር ይዞ መጥቷል። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላቸው አንዳንድ ርካሽ የቁልፍ ስልኮች፣ ማራገቢያዎችና መብራቶች በውድ ታይፕ ሲ ቻርጀር አይሞሉም፤ በአሮጌው ሰፊ ቀዳዳ ግን ይሞላሉ። ምክንያቱ፣ ታይፕ ሲ ቻርጀር በሌላው ጫፍ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተር ካላገኘ ኃይል አይለቅም፤ ርካሹ አምራች ያቺን ሳንቲም የማትሞላ ሬዚስተር አስቀርቷታል። አሮጌው ቀዳዳ ምንም ሳይጠይቅ ስለሚሰጥ ይሠራል። ሻጩ «ይሄ ውድ ቻርጀር አይሆንህም» ሲል ውጤቱን በትክክል አይቷል፤ ጥፋተኛው ግን ቻርጀሩ አይደለም።

ገመዱ

ስለ ቻርጀር አምፔር ይህን ያህል ሲወራ ስለ ገመድ የሚወራው ጥቂት መሆኑ ይገርማል። አንድ ሜትር የሆነ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ያለው ገመድ (በሽቦ መለኪያ 28 የሚባለው) በደርሶ መልስ ወደ 0.43 ኦም ይቋቋማል። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.15 ቮልት ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ አምፔሩን ይቀንሳል። ቁጥር 24 ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው 0.34 ቮልት አካባቢ ብቻ ነበር። ሽቦው መዳብ የተቀባ ብረት ወይም አሉሚኒየም ሲሆን ኪሳራው ይብሳል። ባለ 3 አምፔር ቻርጀር የገዛ ሰው «ለውጥ የለውም» ካለ አስቀድሞ ገመዱን ቢቀይር ይሻለዋል።

ገመድ ጉዳት ያደረሰበት የታወቀ ጉዳይም አለ። የጉግል ኢንጂነር ቤንሰን ለንግ በ2015 መጨረሻ በአማዞን የሚሸጡ ታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ ፈተነ። ብዙዎቹ በ56 ኪሎኦም ፋንታ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ነበራቸው፤ ይህም ሌላው ጫፍ አሮጌ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ስልኩን «3 አምፔር ውሰድ» ብሎ መዋሸት ነው። በ2016 የካቲት አካባቢ አንዱ ገመድ ላፕቶፑን አበላሸበት፤ የዚያኛው ጥፋት ግን ከሬዚስተሩ አልፎ ሽቦዎቹ ጭምር ተዛንፈው መቀጠላቸው ነበር። ልዩነቱ ያስፈልገናል። የተሳሳተው ሬዚስተር የሚያደክመው ኃይል ሰጪውን ነው፤ ዕቃ የሚገድለው የተዛነፈው ሽቦ ነው። አማዞን በማግስቱ ወር ደንቡን የማያሟሉ ገመዶችን ከገበያው ከለከለ።

ጽሑፉን ማን ያረጋግጣል

ደቡብ ሱዳን የምታስገባው ዕቃ ብዙው ከሞምባሳ ተነሥቶ በካምፓላ አድርጎ፣ በኒሙሌ ኬላ 192 ኪሎሜትሩን አስፋልት ይዞ ጁባ ይደርሳል። የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ አለ። ግን ቻርጀር በጭነት መኪና ብቻ አይመጣም፤ በሻንጣም ይመጣል። በላዩ የተጻፈው «2 አምፔር» የአምራቹ ቃል እንጂ የመርማሪ ማኅተም አይደለም።

ኬን ሺሪፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢንጂነር በ2012 አሥራ ሁለት ቻርጀሮችን በመሣሪያ ለክቶ ነበር። አስመስለው የተሠሩት የሚሰጡት ኃይል የሚዋዥቅና ጫጫታ የበዛበት ነበር፤ አንዳንዶቹም የተጻፈባቸውን አልሰጡም። የከፋው ግን ሲከፈቱ የታየው ነው፦ 230 ቮልት የሚያልፍበት ወገንና ስልኩን የሚነካው ወገን በአንዳንዶቹ የተራራቁት ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ክፍተት ነበር። ደኅናዎቹ በርካታ ሚሊሜትር ያራርቋቸዋል። አንዲት ጠብታ እርጥበት ያንን ክፍተት ትሻገራለች፤ ከተሻገረች ስልኩን በእጁ የያዘ ሰው ዋናውን መስመር ነካ ማለት ነው። በ2016 ዩኤል የተባለው የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት 400 አስመስለው የተሠሩ የአፕል ቻርጀሮችን ሲፈትን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀደም በ2013 አፕል ራሱ ሰዎች አጠራጣሪ ቻርጀር መልሰው ትክክለኛውን በቅናሽ የሚወስዱበትን ፕሮግራም ከፍቶ ነበር።

እነዚህ ፈተናዎች የተደረጉት ጁባ ውስጥ አይደለም፤ የአንድ ገበያን መጠንም አይነግሩንም። የሚነግሩን፣ የአደጋው ቦታ ከአምፔሩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ነው። 500 ሚሊአምፔር የተጻፈበት ኮፒ ቻርጀር ባለ 3 አምፔር ከሆነው ደኅና ቻርጀር ይልቅ እጅግ አስጊ ሊሆን ይችላል።

የጁባ መብራት ራሱ ሌላ ፈተና ነው። በ2019 ኅዳር ወር የተመረቀው የኤዝራ ኩባንያ 33 ሜጋዋት ማመንጫ ለከተማዋ ከፊል መስመር ቢሰጥም ብዙ ሰፈርና ሱቅ በጄኔሬተርና በሶላር ነው የሚሠራው። በቻርጀር ጀርባ «ግብዓት 100–240 ቮልት» ይላል። የ230 ቮልት መስመር ጫፉ ላይ 325 ቮልት ይደርሳል፤ በትንንሽ ቻርጀሮች ውስጥ ያለው ካፓሲተር ብዙ ጊዜ 400 ቮልት የሚችል ነው። መቆጣጠሪያው የተበላሸ ጄኔሬተር ወደ 280 ቢያሻቅብ ጫፉ 396 ይሆናል፤ መተንፈሻ ቀረ ማለት አይቻልም። ካፓሲተሩ አብጦ ሲፈነዳ ሰው የሚወቅሰው «ያልተስማማውን» ስልክ ነው። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር፣ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳው ሶኬት ውስጥ በእስክሪብቶ ጫፍ ከፍቶ የሚሰካ ሰውም አለ። ይህ ከአምፔር ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የላላ ጥርስ ግን ይፈነጥቃል፣ ይግላል።

ፍጥነትና ሙቀት፦ ያልተቋጨው

ቀስ ብሎ መሙላት ባትሪ ያቆያል የሚሉ አሉ፤ ፈጣን ቻርጅ የሚፈጥነው ባትሪው ባዶ በሆነበት ግማሽ ላይ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉም አሉ። በሊቲየም ባትሪ ላይ የሚያስማማው፣ ሙቀትና ሞልቶ መቆየት እንደሚያስረጁት ነው። አፕል በ2019 ስልኩ 80 በመቶ ላይ ቆሞ ባለቤቱ ሊነሣ ሲል የቀረውን እንዲሞላ ያደረገው ለዚህ ነው። ኩባንያው ለስልኮቹ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀትም ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ጁባ ውስጥ በየካቲትና መጋቢት ቀኑ ከ35 ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ የባሰ ነው።

በሌላ በኩል ዝግታም ዋጋ አለው። 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ነው። በ5 ዋት ቻርጀር፣ በመንገድ የሚባክነው ታክሎ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ18 ዋት ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ይሞላል። ጄኔሬተሩ ማታ ለአራት ሰዓት ብቻ ለሚበራለት ሰው፣ በተለይም የገንዘብ ቦርሳው ስልኩ ውስጥ ላለ፣ «ቀስ ይበል» የሚለው ምክር ግማሽ የሞላ ስልክ ይዞ መውጣት ነው። የሌሊት ቅዝቃዜም ለፈጣኑ ያደላል፤ በምሽት ቶሎ ሞልቶ መንቀል ቀን ከቆርቆሮ ሥር ለአምስት ሰዓት ሰክቶ ከመተው ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ክርክር «ስልኩ ራሱን ይቆጣጠራል» በሚለው ላይ የቆመ ነው። ስልክ ሲግል አምፔሩን የሚቀንሰው በባትሪው ውስጥ ያለ የሙቀት መለኪያ ስለሚነግረው ነው። ባትሪው በኮፒ ሲቀየር ግን በአንዳንዶቹ ርካሾች ውስጥ በመለኪያው ፋንታ የማይለወጥ ሬዚስተር ይገኛል፤ ስልኩ ባትሪው በጋለበት ሰዓትም ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያነብባል። ለእንዲህ ያለው ስልክ የጠጋኙ ምክር፣ ማለትም አነስ ያለ አምፔር ያለውና ደኅና የተሠራ ቻርጀር፣ ጠጋኙ ባሰበው ምክንያት ባይሆንም ልክ ይሆናል፤ በ1 አምፔር የሚሞላ ባትሪ በ2 ከሚሞላው ያነሰ ይግላልና።